እቴቴ ለተ የሰፋቻቸው ደብዳቤዎች

አክስቴ ለተ ማርያም በሰማንያ አራት ዓመቷ የክርስትና ስሟ ጠፋባት። ጠፋባት ስላችሁ ጃጅታለች ማለቴ አይደለም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከነአያት ቅድመ አያቱ ትቆጥራለች። መነጽሬን የት እንዳስቀመጥሁት የምትነግረኝም እሷ ናት። ያን አንድ ነገር ብቻ ነው ያጣችው፤ ያጣችውም ሰኞ ጠዋት ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ፊት ነው።

እቴቴ ለተ የሐሞት ጠጠር አለባት። ዓርብ ሆስፒታል እንድትገባ፣ ቅዳሜ ኦፕራሲዮን እንድትሆን ተቀጥራለች። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ ማደንዘዣው ራሱ እንደሚያሰጋ ለእኔ ለብቻዬ በሹክሹክታ ሊነግረኝ ሲሞክር፣ «ጮክ ብለህ ተናገር ልጀ፤ ሟቿ እኔ ነኝ» አለችው። ስለዚህ ከመግባቷ በፊት ንስሐ ልትገባ ፈለገች። አርባ ዓመት የነፍስ አባቷ የነበሩት ካህን አምና ዐርፈዋል። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ አዲስ ናቸው፤ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ወዳለው ቤቴ የመጡትም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«የክርስትና ስምዎ ማን ነው እናቴ?» አሏት መስቀላቸውን እያወጡ።

አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

«ለተ ማርያም ናት አባ! ሌላ ምን ስም አላት?» አልሁ እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ። እኔ ይመኙሽ፣ አርባ ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተማርሁ ሰው፣ ሳልጠየቅ መመለስ ልማዴ ነው። ደግሞስ ለተ ማርያም የሚባል ስም ከነድምፁ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ አይመስልም? በላዩ ሌላ የክርስትና ስም ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? መላው ዘመዳችን እንደ እኔ ሲሳሳት ነው የኖረው።

እቴቴ ለተ በዓይኗ ገረፈችኝ። «ያማ የቤት ስሜ ነው። እናቴ ለማርያም ተስላ ስለወለደችኝ ያወጣችልኝ። የክርስትናው ሌላ ነው።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እሱን ነው ያጣሁት አልሁሽ!»

አይፈረድባትም። የክርስትና ስም ቤት ውስጥ አይጠሩበትም። የነፍስ አባት ያውቀዋል፣ በቅዳሴና በጸሎት ይነሣል፤ ሰው ሲሞትም ፍትሐት የሚደረግለት በመታወቂያው ላይ ባለው ስም ሳይሆን በዚያ ነው። አሮጌው የነፍስ አባቷ ስሟን በቃላቸው ይዘውት ስለነበር በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በራሷ አፍ አልጠራችውም። ያልተጠራ ስም ደግሞ ይጠፋል። አባቴ ቢኖር በአንድ ቃል ይነግረን ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ግን ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ።

ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። «አይጨነቁ እናቴ፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሏት።

«እግዚአብሔርማ ያውቀዋል። የማላውቀው እኔ ነኝ። ሲጠራኝ እኔን መሆኔን በምን ለይቼ አቤት ልበል?»

እሷም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ ነገር ላይ ቆረበች፤ ስሟን ሳታገኝ ሆስፒታል እንደማትገባ ነገረችን። ሕመሙ ሲነሣባት ጎኗን ይዛ ግድግዳውን በቡጢ እንደምትመታ አውቃለሁ። ሐኪሙም ከዚህ በላይ ካቆየን ጠጠሩ ራሱ እንደሚገድላት ነግሮኛል። እናቴ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው፤ እናት ያልሁት እሷን ነው። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ደረቴን እነፋለሁ።

«ስም ምን ያለው ነገር ነው? እስከ ነገ አገኝልሻለሁ» አልኋት።

ማክሰኞ አይከል ከተማ ወዳለው የአጎቴ ልጅ ወደ አምሐ ደወልሁ። አምሐ ሥራውን ጥሎ ክርስትና ወደተነሣችበት ደብር በእግሩ ሄደ። በዚያ ዘመን ስም የሚጽፍ አልነበረም፤ ያጠመቋት ካህንም፣ የክርስትና እናቷም እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ፣ አያ አላምረው፣ ብቻ ቀርተዋል። እሳቸውም ለአምሐ፣ «አስታውሳለሁ እንጅ፣ ሸጋ ድግስ ነበር! የታረደው በግ ቡላ ነው» አሉት። ስሟንስ? «ልጅ ነበርሁ፤ የተበላውን እንጅ የተጠራውን አላስታውስም።»

ረቡዕ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁና ክፍል ውስጥ ስም እንደምጠራ ጀመርሁ። ወለተ ሚካኤል? ራሷን ነቀነቀች። ወለተ ጊዮርጊስ? አመተ ማርያም? እኅተ ጴጥሮስ? ፍቅርተ ክርስቶስ? የማውቀውን ሁሉ ጠራሁ። ሠላሳዎቹን ስናልፍ መነቅነቋን ተወችው። ቀና ብዬ ሳይ እያለቀሰች ነው። እቴቴ ለተ ማልቀስ አታውቅም፤ ልጇ በሞተች ጊዜ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

ያን ቀን ልጄ ናዝራዊት ከሐዋሳ ደውላ፣ «እማዬ፣ አንድ ደስ የሚል ስም ምረጪና ትዝ አለኝ በያት» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ሐሙስ ከሰዓት ሆነ። ትገባለች አትገባም እያልሁ ቦርሳዋን ማዘጋጀት ጀመርሁ፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሌሊት ልብስ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ትመለከተኛለች። ድንገት እጇን ከትራሷ ሥር ሰደደችና በነጭ አቡጀዴ የተሰፋ ጥቅል አወጣች።

«ሆስፒታልሽን አላውቅም። ይሄ ግን ስሞት ከራስጌዬ ይሁን» አለችኝ።

የአባቴ ደብዳቤዎች ናቸው። አባቴ መሪጌታ ልዑልቃል አዲ አርቃይ አካባቢ በአንድ ደብር ያገለግል ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ስላልነበረ እኔን ከአይከል እቴቴ ለተ ዘንድ አስቀመጠኝ። ስምንት ዓመት እሷ ቤት ሆኜ ተማርሁ። አባቴ በነዚያ ዓመታት አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፈላት። ደብዳቤው በማኪና ነጂ እጅ ጎንደር ይደርስና ወደ አይከል የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ተቀምጦ፣ በወሩ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ይመጣል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። አንባቢዋ እኔ ነበርሁ፤ አነባለሁ፣ ትሰማለች፣ ታጥፈዋለች፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር አቡጀዴው ውስጥ ትሰፋዋለች። አዲስ ሲመጣ ስፌቱን ተርትራ እንደገና ትሰፋለች። ሁለት ቤት ቀይራለች፣ ባሏን ቀብራለች፣ አርጅታ እኔ ዘንድ መጥታለች፤ ጥቅሉ ግን ከራስጌዋ ተለይቶ አያውቅም።

ከወር በፊት፣ «ፎቶ አንሥቼ ስልኬ ውስጥ ላስቀምጠውና ይሄን አቧራ እንጣለው» ብያት ነበር። «አንችንም ፎቶ አንሥቼ ልጣልሽ?» አለችኝ። ያ ስልክ በሳምንቱ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ሞተ፤ የልጄ የአራት ዓመት መልእክት አብሮት ሄደ። ለእሷ ግን አልነገርኋትም፤ ደስ እንዲላት አልፈለግሁማ።

«እስቲ አንዱን አንብቢልኝ፤ ልቤ ይረፍ» አለችኝ።

«በቃሌ ልበልልሽ? እኔኮ እንደ ዳዊት ነው የምደግማቸው።»

«ከወረቀቱ!»

ስፌቱን ተርትሬ የላይኛውን፣ የመጀመሪያውን፣ ዘረጋሁት። አባቴ ቁም ጸሐፊም ነበረ። ሰላምታውን እንደ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ራሱ ባዘጋጀው ቀይ ቀለም በመቃ ብዕር ይጽፈዋል። መልእክቱን ግን እንደ ማንም ሰው በእስክሪብቶ ነው። ቀዩ በግእዝ ይጀምራል። እኛ ትምህርት ቤት ግእዝ አላስተማሩንም፤ ቀይ ጽሕፈትም ለእኔ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነበር። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ደብዳቤ አንድ ዘዴ አወጣሁ፤ ቀዩን ዘልዬ ከእስክሪብቶው እጀምራለሁ። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቀዩ ምን ይላል?» ብላኝ ነበር። «ሰላምታ ነው፤ ሁሌም አንድ ነው» አልኋት። እሽ አለች። የተማረው እኔ ነኝ፤ ምን ትበል?

አሁንም ዓይኔ በልማዱ እስክሪብቶውን ፈለገ። እስክሪብቶው ግን በሃምሳ ዓመት ውስጥ ደብዝዞ ውኃ መስሏል። ቀዩ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። መነጽሬን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ፣ ሌላ የሚታየኝ ስላልነበረ፣ እሱን በልቤ ማንበብ ጀመርሁ። ግእዙን አባቴ በስተርጅናው በመጠኑ አስተምሮኛል።

«ለእኅትየ ፍቅርት ሥርጉተ ሥላሴ፤ ሰላመ እግዚአብሔር የሃሉ ምስሌኪ።»

ለተወደደችው እኅቴ ለሥርጉተ ሥላሴ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን።

ሁለተኛውን ደብዳቤ አነሣሁ፤ ሥርጉተ ሥላሴ። ሦስተኛውን፤ ሥርጉተ ሥላሴ።

«ምነው ዝም አልሽ? ዓይንሽ እንዲህ ደክሟል?»

«እቴቴ፣ ሥርጉተ ሥላሴ የምትባል ሰው ታውቂያለሽ?»

ከትራሷ ተነሣች። ለብቻዋ፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ ያንን ጎኗን ይዛ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ ቀስ ብላ፣ «ሥርጉተ ሥላሴ» አለች። ደግማ ጠራችው። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝኮ! ማን ነገረሽ?»

«አባቴ።»

ጣቷን ይዤ ቀዩ ላይ አስቀመጥሁላት። ፊደሉን እንደ ዕውር ዳሰሰችው። ደስታዋን ሳይ እኔም እንባዬ መጣ፤ ሳቅሁም። ያልሁት ደረሰ፣ እኔ ይመኙሽ አገኘሁት ብዬ ደረቴን ልነፋ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚህ ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ምነው አላነበብሽልኝ?»

ልዋሽ እችል ነበር። ግእዝ ስለነበር ነው ብላት ታምነኛለች። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ልጆችን ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማርሁት፣ ሰላምታውን የዘለለውን ተማሪ ሁለት ሁለት ማርክ የቀነስሁት እኔ ነኝ። አፈርሁ። በሕይወቴ እንዲያ ያፈርሁበት ቀን የለም።

«ዘልየው ነው እቴቴ።»

«የዚህን?»

«የሁሉንም።»

«ወንድሜን አንገቱን ቆርጠሽ ነዋ ስታነቢልኝ የኖርሽው» አለችኝ።

ይቅር በይኝ ብዬ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። «ይቅርታሽን ከቅዳሜ በኋላ አየዋለሁ፤ አሁን ተነሥተሽ አንብቢ፤ ቀይ ቀዩን» አለችኝ።

ጀመርሁ። ያኔ ነው የባሰው የገባኝ። ሰላምታዎቹ አንድ አልነበሩም። ከግእዙ መስመር በታች፣ እዚያው ቀዩ ውስጥ፣ አባቴ በአማርኛ የሚጽፈው ነገር ነበረው፤ ያንን በዓይኔም አልነካሁትም። በአንደኛው፣ «ዛሬ በቅዳሴ ስምሽን ስጠራ ድምፄ ተቆራረጠ፤ ደኅና መሆንሽን ላኪብኝ» ይላል። በሌላው፣ «ሥርጉተ ማለት የተሸለመች ማለት ነው፤ ሽልማትሽ አልጠፋም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ» ይላል። መልእክት ብዬ ሳነብላት የኖርሁት የማሩን መድረስ፣ የበቅሎዋን መታመም፣ የእኔን የትምህርት ነገር ነበር። ፍቅሩን ሁሉ ያስቀመጠው ከላይ ነው። አባቴ ፊት ለፊት እወድሻለሁ የሚል ሰው አልነበረም፤ ለመጻፍ ግን ቀለም ይቀምም ነበር።

ሰባተኛው ላይ ስደርስ ቆምሁ። ያ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። የእቴቴ ለተ ልጅ ፋሲካ፣ የሦስት ዓመቷ፣ በኩፍኝ የሞተች ጊዜ የመጣው ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እሷ ያን ደብዳቤ ሁለት ወር ጠብቃ፣ መጣ ሲባል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ «አንብቢ» አለችኝ። እኔም ቀዩን ዘለልሁ። «የላክሁት ጨው ሳይረጥብ ደርሶ ይሆን?» ብዬ ጀመርሁ።

«የጨው ነው፣ አይዶል?» አለች እቴቴ ለተ። ሳታይ አወቀችው።

«አዎ።»

«ለልጀ ሞት አንድ ቃል ሳይል ስለ ጨው ጻፈልኝ ብየ ሁለት ዓመት አኩርፌዋለሁ። ለፋሲካ በዓል ወደ እኔ ሲመጣ እጁን አስታጠብሁት እንጅ ዓይኑን አላየሁትም። ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ ሄደ። እስቲ አንብቢው።»

ቀዩ በዚህኛው ከሁሉም ይረዝም ነበር፤ ሰባት መስመር።

«ለእኅትየ ፍቅርት ሥርጉተ ሥላሴ። እኅቴ ሆይ፣ ቃል የለኝም። መጽሐፉን ሁሉ አገላብጬ ለአንቺ የሚሆን ቃል አጣሁ። የሕፃኗን ስምና ያንቺን ስም ብቻ እየደጋገምሁ አርባ ቀን ቆምሁ። መንገዱ በዝናም ተዘግቶ ነው እንጂ በእግሬ እመጣ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው የቤት ነገር ነው፤ አታንብቢው፤ ይሄ ብቻ ይበቃል።»

አታንብቢው ያለውን ነበር ያነበብሁላት። 

እቴቴ ለተ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። በነጠላዋ ውስጥ ሆና ወንድሟን በስሙ ጠራችው፤ «ልዑል፣ ልዑልየ» እያለች አለቀሰች፤ ጮክ ብላ፣ የሃምሳ ዓመቱን። እኔም አብሬያት አለቀስሁ። ስትጨርስ ፊቷን አብሳ፣ «በቃ ለዛሬ። ሸጋ ወንድም ነበረኝ» አለች። ቀጥላም፣ «ቦርሳውን ምን ታያለሽ? ዝጊው እንጅ፣ ነገ እንሄዳለን» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ መጡ። ዛሬ በር ላይ ቆሜ አፌን ዘጋሁ። ንስሐዋን ሰሟት፤ ከዚያ ለመፍታት መስቀሉን ራሷ ላይ አድርገው፣ «የክርስትና ስምዎን አገኙት እናቴ?» አሏት።

«ሥርጉተ ሥላሴ!» አለች። ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ ነበር። ቄሱ ደንግጠው ፈገግ አሉ። እሳቸውም በዚያ ስም ፈቷት።

ቅዳሜ ጠዋት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነርሷ ካርዱን እያየች፣ «ለተ ማርያም?» ብላ ጠራች። እቴቴ ለተ፣ «ነኝ፣ ለእናንተ» አለቻት። ባለ ጎማው አልጋ ላይ አስተኝተው ሊገፏት ሲሉ እጄን ያዘችኝ። እጇ ሞቃት ነው። እኔ በሌላው እጄ እንባዬን እጠርጋለሁ።

«ምን ያስለቅስሻል? ብሞት ስሜን ታውቂዋለሽ። ካልሞትሁ ደግሞ አሥራ ሁለት ደብዳቤ ቀርቶሻል» አለችኝ።

አልሞተችም። ሰኞ ከሰዓት፣ ማደንዘዣው የያዘው ድምፅዋ ገና ሳይጠራ፣ ስምንተኛውን ከቀዩ ጀመርሁላት።